ኩርሙክም ድንበር ነው

መጨረሻ ላይ አለቀሰች የሚል ነገር የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። ሰው ሲጠይቀኝ "ደህና ነኝ" እላለሁ፤ ደህናም ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ብቻ ፓስፖርቴ ላይ አንድ የተሰረዘ ማህተም አለ፤ እሱን ሳልናገር ሌላ ወሬ አልወጣልኝ ብሏል።

ስሜ መዲና ነው። አባቴ ይማም፣ ገና ልጅ ሆኖ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት አንዱ ነው። እናቴ እኔን ወልዳ በሳምንቷ ሞተች። አባቴ የሳምንት ሕፃን ታቅፎ ግራ ሲገባው፣ ከመንደራችን ማዶ ካሉት የበርታ ጎረቤቶቻችን አንዷ ሀሊማ የምትባለዋ መጣች። እሷም አራስ ነበረች። "አምጣ" አለችው፤ በቃ። በአንዱ ጡት የራሷን ልጅ፣ በሌላው እኔን ይዛ ሁለት ዓመት አጠባችን። የራሷ ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው ወባ ወሰደው። እኔ ቀረሁላት።

በሃይማኖታችን ያጠባች ሴት እናት ናት። ጨዋታ አይደለም፤ ልጇንም ማግባት አይፈቀድም። ዩማ ነው የምላት፣ እነሱ ቤት እናት የምትጠራው እንደዚያ ነው። ከአባቴ ቤት ይልቅ እሷ ቤት ነው ያደግሁት። አማርኛን የተማረችው ማንጎ ስትሸጥ፣ ገበያ ላይ ነው፤ በእሷ አማርኛ ሴት የሚባል ነገር የለም፣ ሰው ሁሉ ወንድ ነው። እኔም "አንተ" ነኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፈተናው ሳይመጣልኝ ሲቀር ፀጉር ቤት ሁለት ወር ሠራሁ፤ ባለቤቷን ሰደብኳትና ወጣሁ። ጉባ ሄጄ ግድቡ ካምፕ ውስጥ ሦስት ወር ድንች ላጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አረብ አገር ልሄድ ብዬ ፓስፖርት አወጣሁ። አባቴ "ሬሳሽን ነው የምትልኪልኝ" ብሎ ከለከለኝ፤ ፓስፖርቱ ሳጥን ውስጥ ቁጭ አለ። አንዳንድ ቀን አውጥቼ ባዶ ገጾቹን አገላብጣለሁ። ሁሉም ባዶ። ያናድደኝ ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ለዩማ ስልክ ተደወለ። ወንድሟ ኩርሙክ ሞቷል፣ ማዶ።

አገሩን ለማታውቁ፣ ኩርሙክ ሁለት ነው። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የሱዳን። መሃላቸው በበጋ ፍየል እግሯን ሳታርስ የምትሻገረው ወንዝ አለ። ሰው ስኳር ሊገዛ ይሻገራል፣ ለሠርግ ይሻገራል፣ ለለቅሶ ይሻገራል። ተሻግሮ የተመለሰ ሰው "ውጭ አገር ነበርኩ" አይልም። "ገበያ ነበርኩ" ነው የሚለው።

እኔም አብሬያት ልሄድ ተነሳሁ። ፓስፖርቱን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት አየችኝ።

"ይሄ ደብተር ቤት ይተው" አለችኝ።

"ለምን? ፓስፖርት እኮ ነው፤ ለዚህ ነው የሚወጣው።"

"ለቅሶ ነው። ለቅሶ ደብተር አይፈልግም። ቶብ ይልበስ፣ እኔ ጎን ይሂድ።"

"አንዴ በሕግ ልግባ፣ ዩማ። ማህተም ይምቱልኝ።"

ቶቧን ለብሳ ወደ በሩ ሄደች። ወንድሟ የሞተባት ሴት ከእኔ ጋር ስለ ማህተም ምን ትከራከራለች?

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ደረስን። ከእኛ በፊት አራት ቶብ የለበሱ፣ ከራስ እስከ እግር በሰፊ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሴቶች ወደ ማዶው ኬላ ሄዱ። ፖሊሱ ሸምገል ያለ፣ ሰላምተኛ ሰው ነበር። "ለሟቹ ናችሁ? አላህ ያጽናችሁ" ብሎ በእጁ አሳለፋቸው። ወረቀት አልጠየቃቸውም። ቀጥሎ ዩማን "እለፊ" አላት። ከዚያ እኔ፣ ተሸላሚ ተማሪ ይመስል፣ ፓስፖርቴን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

ተቀበለኝ። ከፈተው። ማህተሙን አነሳና ዷ! አደረገው። ደስ አለኝ፤ ለቅሶ ላይ መሆኔን ረስቼ ደስ አለኝ። ከዚያ ገጾቹን ወደፊት ገለበጠ፣ ወደኋላ ገለበጠ።

"ቪዛው የት አለ?" አለ። አረብኛው በግማሽ ይገባኛል።

"ቪዛ የለውም፤ ልጄ ነው፤ ለቅሶ ነው የመጣው" አለች ዩማ።

"ልጅሽ ናት? እዚህ ላይ መዲና ይማም ይላል። ባልሽ ይማም ነው?"

"ወተቴን ጠጥቷል።"

ፖሊሱ አየኝ፤ እሷን አየ። ያኔ የእኔ ዕድሜ ያላቸው ልጆች በደላላ እጅ ካርቱም የሚሻገሩበት ጊዜ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት የማይመሳሰል ስም ያላትን ልጅ ይዛ ስትመጣ ምን እንዳሰበ አሁን ይገባኛል። አልተቆጣም። እስክሪብቶ አወጣና የመታው ማህተም ላይ በአግድም ሁለት መስመር አሰመረ፤ ከሥሩ በአረብኛ ጻፈበት፤ መለሰልኝ።

ዩማ ለመነችው። በኋላ የነገረችኝን ልድገምላችሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ነገር ያልረሳሁት እሱን ነው። "ሀጃ፣ ባዶ እጇን ብትመጣ ኖሮ የዚህ አገር ሰው ብዬ አሳልፋት ነበር" ነው ያላት። "ፓስፖርት ይዛ ከመጣች ግን የፓስፖርት ሰው ናት። የፓስፖርት ሰው ቪዛ ያስፈልጋታል።"

"ሂጂ፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ" አልኳት።

"ልጅ ኬላ ላይ አይተውም" አለች።

ተመለሰች። በእኛ በኩል ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከዙህር ሶላት በኋላ ማዶ ዳገቱ ላይ ነጭ የለበሱ ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ አየን። "ያ ነው?" አልኳት። "ያ ነው" አለች። ቆማ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ፊቱ ሳይሸፈን ልታየው ነበር የመጣችው። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ "በል፣ መኪና እንያዝ" አለችኝ። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። እኔ ደግሞ፣ ወላሂ፣ መኪናው ውስጥ ያናደደኝ የገጼ መበላሸት ነበር።

ነገሩ እዚያው ቀረ። ማንም አላነሳው። ዝናብ ከመንገድ የመለሰው ሰው ዝናቡን ለዓመታት ሲያወራ አይኖርም።

አራት ዓመት አለፈ። በመሃል ማዶ ጦርነት ሆነ። የዩማ ወንድም ልጅ ጅዳ ገባ። ዩማን ደግሞ ግራ እግሯን ማሽላ ስታርም እሾህ ወጋት። እሾሁ ወጣ፤ እብጠቱ ቀረ። መጀመሪያ ለውዝ አከለ፣ ከዚያ ሎሚ አከለ፣ ከዚያ ቦታ ቦታው እየተቀደደ ጥቁር ፍሬ የሚመስል ነገር ያፈስ ጀመር። አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ "ይቆረጥ" አለ። ዩማ ከአልጋው ወርዳ ጫማዋን ፈለገች፤ አንዱን ብቻ፣ ሌላኛው እግሯ ጫማ አይገባለትም ነበር።

የጅዳው ልጅ ወረቀቶቿን ህንድ ላለ ሆስፒታል ላከ። አጥንት ውስጥ ካልገባ እግሩን ሳንቆርጥ ለማጽዳት እንሞክራለን አሉ። ቀን ቆረጡላት። አስታማሚ አንድ ሰው ይዛ ትምጣ አሉ። ትንሽም ብትሆን እንግሊዝኛ ያለኝ እኔ ነኝ።

ዩማ ያን ዕለት አስቀምጣ ነገረችኝ። "አንተ ሥራ አንድ ነው" አለች። "እነሱ 'እንቁረጥ' ካለ፣ አንተ 'አይሆንም' ይላል። እኔ የነሱ ቋንቋ አያውቅም። አንተ 'አይሆንም' ይላል፣ በቃ።"

"እሺ ዩማ።"

"ሦስቴ ቢጠይቅ?"

"ሦስቴ አይሆንም እላለሁ።"

"ይሄ ጥሩ ነው። አንተ መጨቃጨቅ ይወዳል።"

የቪዛውን ፎርም ያስሞላነው አሶሳ መናኸሪያው ጋ ኮምፒውተር ቤት ካለው ከደረጀ ዘንድ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ዩማ እግሯን ዱካ ላይ ሰቅላ አጠገቤ ተቀመጠች። ደረጀ ጥያቄዎቹን እያነበበ ይተረጉምልኛል።

"ሽብር ውስጥ ተሳትፈሽ ታውቂያለሽ?"

"ፀጉር ቤት ያለችዋን ጠይቃት።"

"አልተሳተፈችም። ሰው ሸጠሽ ታውቂያለሽ?"

"የሚገዛ ጠፋ።"

"አልሸጠችም። በየትኛውም አገር ድንበር ላይ እንዳትገቢ ተከልክለሽ ወይም ተባረሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ? ከአሶሳ ወጥቼ የት አውቃለሁና ነው!"

ሳቀ፤ "የለም" የሚለውን ነካ። ዩማም ሳቀች። ሦስታችንም እዚያው ነበርን፤ ፓስፖርቴ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ኩርሙክ በማናችንም ጭንቅላት አላለፈም። እየዋሸሁ አልነበረም። ድንበር ማለት ለእኔ ቦሌ ነው፤ መስታወት፣ ሻንጣ፣ ካሜራ። ታትሞ ወጣና ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፤ ልጅ ሆኜ ተለማምጄዋለሁ።

አዲስ አበባ ኤምባሲው ጋ የደረስነው ሰኞ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከውጭ ቆመን፣ ተፈትሸን ገባን። ዩማን ከግድግዳ አስደግፌ ወረፋ ያዝኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው አበሻ ናት፤ መነጽር ያደረገች፣ በእኔና በአባቴ ዕድሜ መሃል ያለች። የዩማን ወረቀት አየች፤ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አየች፤ አስቀመጠች። የእኔን ፓስፖርት ከፈተች። አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ፎርሙን አነሳች፤ በጣቷ ወረደች፤ እንደገና ፓስፖርቱን አየች።

"መዲና፣ ሱዳን ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ይሄ ምንድን ነው?"

ገጹን ወደ መስታወቱ አስጠጋችልኝ። ሁለት መስመር፣ ከሥሩ አረብኛ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። 

"ኩርሙክ ነው" አልኩ።

"ኩርሙክ የት ነው?"

"እኛ ጋ። ማለቴ ማዶ። ገበያ ነው።"

"ገበያው ያለው ሱዳን ውስጥ ነው?"

"አዎ።"

"ልትገቢ ስትይ መለሱሽ?"

"አዎ። ግን እኮ—"

"እዚህ ላይ 'ተከልክዬ አላውቅም' ብለሽ ፈርመሻል።"

"ኩርሙክን ድንበር ብዬ አላሰብኩትም።" ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። "ሰው ሁሉ ይሻገራል! ፍየል ይሻገራል! ለለቅሶ ነበር፤ እናቴን ጠይቂያት!"

ዩማ ስሟ የተነሳ መስሏት እያነከሰች መጣች። "ምን ይላል?" አለችኝ።

"ኩርሙክ መልሰውን ነበር ወይ ትላለች።"

"አዎ!" አለች ዩማ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፋ፣ ደስ ብሏት። የምታውቀውን ነገር የሚጠይቃት ሰው አገኘች። "መለሰ። ወንድሜ ሞተ፣ እኛ ሄደ፣ እሱ ልጅ ቪዛ የለም አለ፣ መለሰ። ጥሩ ሰውዬ ነበር።"

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። "እናትሽ ናቸው? እዚህ 'ዝምድና' በሚለው ላይ 'ልጅ' ተብሏል፤ የአባት ስም ግን ሌላ ነው።"

"የጡት እናቴ ናት።"

የሰው ፊት ሲያዝን አውቃለሁ፤ አዘነች። ግን ወረቀት ሰጠችኝ፤ "ማብራሪያ ጻፊ። እኔ አልወስንም፤ አያይዤ አስገባዋለሁ" አለችኝ። ቆሜ ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው እንግሊዝኛ ስንት ነው? "ወተት" የሚለውን ጻፍኩ፣ "ለቅሶ" የሚለው ጠፋኝ።

ሐሙስ ተመለስን። ሁለት ፓስፖርት ሰጠችኝ። የዩማ ቪዛ ተለጥፎበታል። የእኔ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ በማመልከቻው ላይ የተሰጠው መረጃ ትክክል ስላልሆነ አልተፈቀደም፤ እንደገና ማመልከት ይቻላል።

"ኬላ ላይ ስለመለሱኝ ነው?" አልኳት።

ከኋላዬ ያለውን ወረፋ አየች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፤ መመለስ ብቻውን ብዙ ጊዜ በር አይዘጋም። 'አዎ፣ ተመልሻለሁ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው' ብትይ ምናልባት ደብዳቤ ይጠይቁሽ ነበር። ያገኙሽ 'የለም' ያልሽው ላይ ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ሆነብሽ፤ ከዛሬ በኋላ ፎርም ስትሞይ ይሄኛውንም መናገር አለብሽ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

የዩማ በረራ እሁድ ነበር። ቀኑ ካለፈ ሐኪሙ ለወራት አይገኝም ተብሏል። እንደ አጋጣሚ በዚያው በረራ ባሏን ለኩላሊት ይዛ ወደዚያው ሆስፒታል የምትሄድ ወይዘሮ አስካለ የምትባል የጅማ ሴት ተገኘች። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንደ እናቴ ነው የማያት" አለችኝ። ጥሩ ሴት ናት፤ እሷን አልወቅስም። እሷን ማግኘት አላስቸገረም፤ ያስቸገረችው ዩማ ናት።

"አንተ ካልሄደ እኔ አይሄድም" አለች። አልጋ ቤቱ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

"ቀኑ ያልፋል።"

"ይለፍ።"

"እግርሽስ?"

"እግር የኔ ነው።" እብጠቱን በቶቧ ሸፈነችና "ልጅ ኬላ ላይ አይተውም" አለች።

አባቴ ጋ ደወልኩ። "ኧረ ተይ መዲ፣ አብሽሪ፣ እንደምንም ብለሽ አሳምኛት" አለኝ። እኔ ሰው ማሳመን አላውቅም፤ መጨቃጨቅ ነው የማውቀው። በሕይወቴ ፊት ለፊት ካልሆነ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን አጠገቧ ተቀመጥኩና "የእኔ ቪዛ በሳምንት ይደርሳል ብለዋል። አንቺ ቅደሚ፤ ከመቁረጥ በፊት እደርሳለሁ" አልኳት።

ፊቴን አየች። "ወላሂ በል።"

"ወላሂ" አልኩ።

ምንም አልተሰማኝም። ሰማይ ይወድቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከታች መንገድ ላይ መኪና ጡሩንባ ነፋ፣ ሌላ ምንም የለም።

በአንድ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ በትልልቁ ጻፍኩላት፤ "እባካችሁ ለእኔ ሳትደውሉ እግሯን አትቁረጡ"፤ ከሥሩ ስልኬን። "እንቁረጥ ካሉ ይሄን አሳዪ" ብዬ ፓስፖርቷ ውስጥ ከተትኩት። እሁድ ቦሌ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተው ወሰዷት። ወይዘሮ አስካለ እጇን አውለበለበች። ዩማ ዞራ ያየችው እኔን አልነበረም፤ እጄን ነው። ሻንጣ አልያዝኩም ነበር።

ሰኞ አሶሳ ገባሁ። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄጄ የመንደር ሽማግሌዎችን አቆምኩ፤ ዩማ እንዳጠባችኝ መሰከሩልኝ፤ ማህተም ያለው ወረቀት ተሰጠኝ። ወተት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ለደረጀ "አዎ የሚለውን ንካ" አልኩት።

"አበድሽ? በራስሽ ላይ?"

"ንካ።"

ሁለቱንም ነካ፤ የኩርሙኩንም፣ የቅርቡን የኤምባሲውንም። ደብዳቤውን እኔ በአማርኛ ጻፍኩት፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የነበሩት ተረጎሙልኝ። ቀን፣ ቦታ፣ ለምን እንደሄድኩ፣ ለምን እንደመለሱኝ፣ ለምን መጀመሪያ እንዳልተናገርኩ። ግማሽ ገጽ ነው። አንድም ልመና የለበትም። ከፓስፖርቴ ጋር ኤምባሲው ላክሁት።

ከዚያ ጠበቅኩ። ወይዘሮ አስካለ በአራተኛው ቀን ደውላ ባሏን ወደ ሌላ ሕንፃ እንዳዛወሩት ነገረችኝ። "በቀን አንዴ እየመጣሁ አያታለሁ" አለች። በስምንተኛው ቀን ዩማን በስልክ አገናኘችኝ።

"ደረሰ?" አለች ዩማ።

"ሊደርስ ነው።"

"እሺ።"

በአሥራ አንደኛው ቀን ቆረጡት። ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ።

ከተቆረጠ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከኤምባሲው ተደወለልኝ፤ ፓስፖርትሽን ውሰጂ፣ ተፈቅዷል። ዩማ ቅዳሜ ነው የምትገባው። ቪዛውን ወስጄ እሷን ተቀበልኳት፤ በአንድ መንገድ ሁለቱንም ጨረስኩ። የተለጠፈው ከተሰረዘው ማህተም ፊት ለፊት ካለው ገጽ ላይ ነው። ያምራል። እንደ ኩርሙኩ ገጽ አልተበላሸም።

ቤት ስንገባ ሻንጣዋን ፈታሁ። ወረቀቴ ፓስፖርቷ ውስጥ ነበር፤ እንዳጠፍኩት።

"ለምን አላሳየሽም?"

"ልብስ ወሰደ፣ ቦርሳ ወሰደ፣ ሁሉ ወሰደ" አለች። "አንድ ሰውዬ አረብኛ አወራ። የሱ አረብኛ ሌላ ነው። ሁሉ ሳቀ፣ ጥሩ ሰው ነው። እኔ እንግዳ ነው። እሺ አለ። ራሴ እንዲህ አደረገ።" ራሷን ነቀነቀች። "ሦስቴ ጠየቀ። ሦስቴ እሺ አለ።"

ሦስቴ።

አሶሳ ያለ ሐኪም ከህንድ የመጡትን የራጅ ፊልሞች አየልኝ። "አጥንት ውስጥ ገብቷል። ብትኖሪም ባትኖሪም መቆረጡ የሚቀር አይመስለኝም" አለኝ። አይመስለኝም። ይህቺን ቃል ይዤ ወጣሁ፤ እስካሁን ይዣት እዞራለሁ። አልመሰለኝም ማለትም፣ መሰለኝ ማለትም አልቻልኩም። ወላሂ ያልኩት ግን አለ፤ እሱ በፊልም አይታይም።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኛ ድንበር ላይ የምትኖሩ፣ የሞያሌም ሁኑ የመተማ፣ እናንተን ነው። እግራችሁ የሚያውቀውን መንገድ ወረቀት ድንበር ይለዋል። አንድ ቀን ፎርም ፊት ስትቀመጡ ጥያቄው ሲነበብላችሁ አትሳቁ። ቆም በሉ። ለቅሶውን፣ ገበያውን፣ ሠርጉን ሁሉ አስታውሱ። የመለሳችሁ ሰው ካለ "አዎ" በሉና ምክንያቱን ጻፉ። አሁን ደረጀ ጋ ነው የምሠራው፤ ያቺን ጥያቄ የማነበው እኔ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ሰው "አንቺ ልጅ ምን አስረዘመሽ" ይለኛል። ይበል። ፓስፖርቴ ሊያልቅ ነው፤ አዲሱ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ደረጀ "ነጻ ወጣሽ" ብሎኛል። ጅል። ጥያቄው "ፓስፖርትሽ ተመልሷል ወይ" አይልም፤ "ተመልሰሽ ታውቂያለሽ ወይ" ነው የሚለው።

ባለፈው ማንጎ ለቅመን ከዛፉ ሥር ተቀምጠን ነበር። ዩማ ክራንቿን ግንዱ ላይ አስደግፋለች።

"ማዶ ሰላም ሲሆን ኩርሙክ እንሄዳለን" አለች። "የወንድሜ መቃብር ያያል።"

"እንሄዳለን።"

"አንተ ያ ደብተር ይይዛል?"

"እይዛለሁ። ቪዛ አስመትቼ ነው የምሄደው። ላንቺም አስመታለሁ።"

ወደ እግሯ ተመለከተች፤ ወደሌለው ወደ ግራው።

"ለእኔ ሙሉ አይክፈል" አለች። "እግር አንድ ነው። ግማሽ ቪዛ ይበቃል።"

ሳቀች። በጣም ሳቀች፣ ቶቧ ከራሷ እስኪወርድ። እኔ ማንጎውን ይዤ አየኋት። ከዚያ ቶቧን አንስቼ መለስኩላት።